አንዲት «ው»

«ሁሉም ተማሪ የሚፈራው መምህር አለ።» «ሁሉም ተማሪ የሚፈራው መምህር አለው።» ልዩነታቸው መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለችው «ው» ብቻ ናት። በመጀመሪያው፣ ትምህርት ቤቱን በሙሉ የሚያንቀጠቅጥ አንድ መምህር አለ። በሁለተኛው ግን እያንዳንዱ የየራሱን ይፈራል፤ አንዱ የሒሳቡን፣ ሌላዋ የስፖርቱን። እኛ ይህን ሳናስብበት እንለያለን። ለማሽን ግን ቁልጭ አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል።

የአሪስቶትል አመክንዮ «ሁሉም» እና «አንዳንድ» የሚሉትን ቃላት ያውቃል፤ ሁለቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲቆላለፉ ግን ይቸገራል። ቋጠሮውን የፈታው ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጎትሎብ ፍሬገ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1879። ነገሮችን ለብቻ፣ ባሕርያቸውንና ዝምድናቸውን ለብቻ ማስቀመጥ፤ ከዚያ «ለማንኛውም» እና «ቢያንስ አንድ አለ» የሚሉትን ከፊት መደርደር። የትኛው እንደሚቀድም ትርጉሙን ይወስናል፤ የእኛን «ው» ሥራ የሚሠራው ቅደም ተከተሉ ነው። ዛሬ ይህ የአንደኛ ደረጃ አመክንዮ ይባላል። ስሙ የሕፃናት ትምህርት ቢያስመስለውም፣ «አንደኛ» የተባለው «ማንኛውም» የሚለው ስለ ነገሮች ብቻ እንጂ ስለ ባሕርያት ስለማይናገር ነው።

ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1958 ማሽን የዕለት ተዕለት ዕውቀትን በእንዲህ ያለ ቋንቋ ይዞ እንዲያስብ ሐሳብ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ አላን ሮቢንሰን ለማሽን የሚመች የማረጋገጫ ስልት አመጣ። «የኬሚስትሪውን መምህር ማንኛውም ተማሪ ይፈራል፤ አልማዝ ተማሪ ናት» ብለን ነግረነው፣ «ታዲያ አልማዝ ትፈራዋለች?» ብንለው፣ ማሽኑ እንደ ነገረኛ ጠበቃ «አትፈራም እንበል» ብሎ ይነሣል። «ማንኛውም ተማሪ» በሚለው ቦታ አልማዝን ይተካል፤ ሁለቱ ይጋጫሉ። ክህደቱ ስለፈረሰ፣ ትፈራዋለች ማለት ነው።

ማሽኑ ስሙ ያልተነገረ መምህር ሲያጋጥመው ቅጽል ስም ያወጣለታል። ለ«አለ» አንድ ስም ይበቃል። ለ«አለው» ግን ስሙ ከተማሪው ጋር ይለዋወጣል፦ የአልማዝ አስፈሪ፣ የከበደ አስፈሪ። «ሁለቱ አስፈሪዎች አንድ ሰው ናቸው?» ቢባል፣ ከተነገረው ውስጥ መልስ አይገኝም።

እዚህ ላይ ችግር አለ። አንድ ድምዳሜ ከተነገረው የሚከተል ከሆነ፣ ማሽኑ ጊዜ ይፍጅ እንጂ ያገኘዋል። የማይከተል ከሆነ ግን ፍለጋው ማብቂያ ላይኖረው ይችላል። አሎንዞ ቸርችና አላን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ለማንኛውም ጥያቄ «ይከተላል» ወይም «አይከተልም» ብሎ ሁልጊዜ የሚቆርጥ ዘዴ እንደሌለ አረጋገጡ። ማሽኑ እየሠራ ሳለ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው፣ መልሱ በመንገድ ላይ ይሁን ጨርሶ የማይመጣ፣ የሚያውቅበት አጠቃላይ መላ የለውም።