ቡና፣ ንባብና ዜማ በጣና ዳር

ቡና እየጠጡ፣ ሙዚቃም እያዳመጡ ማንበብ በባሕር ዳር የሐይቅ ዳር መዝናኛዎችም ሆነ በተማሪዎች ማደሪያ ክፍሎች የተለመደ ሲሆን፣ ልማዱን የያዙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሦስቱን ነገሮች እርስ በርስ የሚደጋገፉ፣ አንዱ የሌላውን ደስታ የሚያደምቅ አድርገው ይቆጥሯቸዋል። የአንጎል ጥናት ግን ለሦስቱ እኩል ምስክርነት አይሰጥም። ቡና በልኩ ከተጠጣ ለአንባቢ ረዳት ነው፤ ግጥም ያለው ዘፈን ግን አንባቢው ለመጽሐፉ የሚፈልገውን ያንኑ የአንጎል አቅም ስለሚሻማ፣ ምንም ያህል ቢወደድ፣ ለንባብ ተፎካካሪ እንጂ ባልንጀራ አይደለም። ነገሩን ለመመርመር ደግሞ ከጣና ዳር የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ ቡናውም፣ ብራናውም፣ ዜማውም በአንድ ሐይቅ ዙሪያ ለዘመናት አብረው ኖረዋልና።

ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬደው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን የመሳሰሉ ገዳማት የሚገኙበት፣ ከዳር እስከ ዳርም በደን የተሸፈነ ስፍራ ነው። የአካባቢው ትውፊት እንደሚለው፣ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ የበቀሉት ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ሲሆን፣ በዚያው ቅዱስ ስም በዘጌ መሬት ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ ሆኖ ኖሯል። የዕፅዋት ሊቃውንት አረቢካ የተባለው የቡና ዝርያ መነሻው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ስለሚያስረዱ፣ የዘጌ ቡና ከዚያ በሰው እጅ እንደመጣ መገመት ተገቢ ነው፤ ሆኖም ክልከላው ያስገኘው ውጤት በዓይን የሚታይ ነው። ሞፈርና ከብት ባለመግባታቸው ደኑ ተርፏል፣ ቡናውም በብርብራና በመሰል ረጃጅም ዛፎች ጥላ ሥር ማደጉን ቀጥሏል። ትኩረት የሚስበው ሌላው ነገር ደግሞ በኢትዮጵያ ሰሜናዊ ክፍል የሚኖሩ ክርስቲያኖች ቡና መጠጣትን እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በበጎ ዓይን የማያዩ በነበሩበት ጊዜ፣ የገዳማት ደን የነበረው ዘጌ ቡና አብቅሎ ለገበያ ማቅረቡ ነው።

የቡና ተክል ካፌይን የሚያመርተው ለሰው ብሎ አይደለም። ካፌይን ቅጠሉንና ፍሬውን ለሚበሉ ነፍሳት መርዝ ሲሆን፣ በአበባው ወለላ ውስጥ ግን በጣም አነስተኛ በሆነ መጠን ስለሚገኝ ሌላ ሥራ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ካፌይን ያለበትን ወለላ የቀሰሙ ንቦች የአበባውን ሽታ ካልቀሰሙት ይልቅ ለረጅም ጊዜ ያስታውሳሉ፤ ተመራማሪዎቹ ይህን ወለላ ያገኙት ከቡና አበባና ከሎሚ ወገን ከሆኑ ዛፎች አበባ ነው። ከበትሩ በቀሉ ከተባሉት ሦስት ተክሎች ሁለቱ በንብ አእምሮ ላይ በአንድ መንገድ የሚሠሩ ወገኖች ሆነው መገኘታቸው የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

በሰው አንጎል ውስጥ የካፌይን ሥራ በዋነኝነት የሚያያዘው አዴኖሲን ከተባለው ንጥረ ነገር ጋር ነው። አዴኖሲን ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር በአንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ የሚሄድ፣ በነርቭ ሴሎች ላይ ባሉ ተቀባዮች ላይ ሲያርፍም የሴሎቹን እንቅስቃሴ አቀዝቅዞ የእንቅልፍ ስሜት የሚያመጣ ሲሆን፣ ካፌይን በቅርጹ አዴኖሲንን ስለሚመስል እንግዳ በባለቤቱ ወንበር ላይ ቀድሞ እንደሚቀመጥ ሁሉ ተቀባዮቹን ይይዝና አዴኖሲን እንዳያርፍባቸው ያደርጋል። ድካሙ በዚህ አይጠፋም፤ የድካሙ ምልክት ብቻ ለጊዜው ይታገዳል። የተጠጣው ካፌይን በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ግማሹ ከሰውነት ለመወገድ በጤናማ ጎልማሳ ላይ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደግሞ ከዚህ በጣም ይረዝማል። ለአንባቢ የሚሰጠው ጥቅም ንቃትና ሳይሰለቹ ትኩረትን የማቆየት ችሎታ እንጂ የማስተዋል ወይም የመረዳት ስጦታ አይደለም። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በጠዋት የሚሰማው መነቃቃትም በከፊል ከትናንት ወዲህ ባለመጠጣቱ የመጣውን ራስ ምታትና ድብርት ከማስወገድ የሚገኝ ነው።

ሰው ቡናን የሚወደው ግን ለካፌይኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስፔሻሊቲ ቡና የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። ይህ ስም የተሰጠው ጉድለት የሌለበት፣ የበቀለበትን ስፍራ ጣዕም በግልጽ የሚያሳይ ቡና ሲሆን፣ በሠለጠኑ ቀማሾች ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና በዚህ ደረጃ መመደቡ በዓለም ገበያ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረ መለኪያ ነው። ጥላና ደጋማ አየር ፍሬው ቀስ ብሎ እንዲበስል ስለሚያደርጉ በፍሬው ውስጥ ለጣዕም መነሻ የሚሆኑ ንጥረ ነገሮች ለመከማቸት ጊዜ ያገኛሉ። ዘጌ ጥላው አለው፤ ከፍታውም፣ የሐይቁ ወለል ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ለአረቢካ የሚስማማ ነው። የዘጌ ቡና እንደ ይርጋጨፌ ስሙ አለመግነኑ በተፈጥሮው ላይ የሚመካኝ አይመስልም፤ ቀይ ፍሬ ብቻ ለቅሞ፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እያገላበጡ በእኩል ማድረቅ የጀንፈል ቡናን ዕጣ የሚወስን ሥራ ነውና፣ ጥራቱ የሚገኘው ወይም የሚጠፋው ከዛፉ በወረደ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው።

የቀረውን የሚሠራው እሳት ነው። ጥሬ ቡና በምጣድ ላይ ሲቆላ መጀመሪያ እርጥበቱ ይተናል፤ ከዚያም በውስጡ ያሉት ስኳሮችና የፕሮቲን ክፍሎች በሙቀት ተዋሕደው፣ በፈረንሳዊው ኬሚስት በሉዊ ካሚይ ማያር ስም በሚጠራው ሂደት፣ ቡናማውን ቀለምና አብዛኛውን መዓዛ ይፈጥራሉ። የፍሬው ሙቀት ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ በውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ጋዝ ፍሬውን ስለሚሰነጥቀው የሚንጣጣ ድምፅ ይሰማል፤ ቡና የምትቆላ ሴት ምጣዱን የምታወርደው ቀለሙን አይታ ብቻ ሳይሆን ይህንንም ድምፅ ሰምታ ነው። በተቆላ ቡና ውስጥ ከ800 በላይ ተናኝ ንጥረ ነገሮች ተለይተዋል። የሽታ መልእክት እንደሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት መልእክት ታላመስ በተባለው የአንጎል መተላለፊያ በኩል መጀመሪያ ሳያልፍ፣ ስሜትንና ትውስታን ወደሚመለከቱት ክፍሎች በቀጥታ ስለሚደርስ፣ የሚጨሰውን ምጣድ በእንግዶች ፊት የማዞር ልማድ ቡናው ሳይቀዳ በፊት የቡናውን ግማሽ ደስታ ያደርሳል።

ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በባሕር ዳር ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የቡና ባለሙያዎች ጣዕሙን ከዱቄቱ ለማውጣት የሚመክሩት ሙቀት ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ያለው በመሆኑ፣ ሌላው ዓለም በቴርሞሜትር የሚያስተካክለውን ሙቀት በጣና ዳር ጀበና ያለ መለኪያ ያገኘዋል። ችግሩ ሙቀቱ ሳይሆን ጊዜው ነው፤ የተወቀጠው ቡና በጀበናው ውስጥ ከውኃው ጋር እየፈላ በቆየ መጠን ቀድመው ከሚወጡት ጣፋጭና ኮምጣጣ ጣዕሞች ቀጥሎ መራራዎቹ ይከተላሉ። ካፌይን በሙቅ ውኃ ቶሎ የሚሟሟ በመሆኑ አብዛኛው በአቦል ይወጣል፤ ቶናና በረካ በቀረው ዱቄት ላይ ውኃ እየተጨመረ የሚፈሉ ስለሆኑ የሚያቀርቡት ከንቃት ይልቅ ጨዋታን ነው።

ንባብ ከቡና ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። የሰው ልጅ አንጎል ለንግግር ተፈጥሯል፤ ጽሕፈት ግን ከጥቂት ሺህ ዓመታት የማይበልጥ ዕድሜ ስላለው በተፈጥሮ የተመደበለት ስፍራ የለም። የፈረንሳዩ የአንጎል ተመራማሪ ስታኒስላስ ዴሃኔና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 በብራዚልና በፖርቱጋል ፊደል በቆጠሩና ባልቆጠሩ ጎልማሶች ላይ ያደረጉት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ማንበብ መማር ከአንጎል በስተግራ ከኋላ በኩል የሚገኝን፣ ፊትንና ቁሳቁስን ለመለየት የሚያገለግልን የማየት ክፍል ለፊደላት እንዲሠራ ያደርገዋል፤ ከዚህም ሌላ ንግግርን የሚሰማው የአንጎል ክፍል ለቃላት ድምፅ ይበልጥ ንቁ እንዲሆን ያደርጋል። ዓይን ያየው ፊደል በጆሮ ክፍል በኩል ያልፋል ማለት ነው። በፀጥታ የሚያነብ ሰው እንኳ ብዙውን ጊዜ ድምፁን በውስጡ ይሰማዋል። እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ በያዘበት፣ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት መደብ 231 በሆኑበት የአማርኛ ጽሕፈት ይህ የድምፅ ባሕርይ ጎልቶ ይታያል።

የአብነት ትምህርት ቤቶች ይህን ከሳይንስ በፊት ያወቁት ይመስላል። በንባብ ቤት ተማሪው ቃሉን ማወቁ አይበቃውም፤ የሚነሣውንና የሚወድቀውን፣ የሚጣለውንና ሰያፉን ለይቶ፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ በቃል ማነብነብ ይጠበቅበታል። ከዚያ ወደ ዜማ ቤት ያልፋል። ትውፊት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለኖረው ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጠው ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባለ የዜማ ሥርዓት፣ ምልክት የሚባሉት ጥቃቅን የዜማ ፊደላት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቃሉ በላይ መጻፍ ከጀመሩ ወዲህ፣ በአንድ የብራና ገጽ ላይ ንባብንና ዜማን አንድ ላይ አስፍሯል። የጣና ገዳማት እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ጠብቀው ስላቆዩ ነው ሊቁ ኤርነስት ሃመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 ወደዚያ ተጉዞ ብራናዎቻቸውን በማይክሮፊልም ያነሣው።

ከዚህ ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ዜማና ንባብ በዜማ ቤት እንዲህ ከተስማሙ፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ዘፈን በእጅ ካለ ልብ ወለድ ጋር ለምን አይስማማም? መልሱ በቃሉ ውስጥ ነው። በሥራ ላይ ያለ ትውስታ፣ ማለትም አንድን ነገር ለጥቂት ሰከንድ ይዞ የሚያስብበት የአእምሮ አቅም፣ ለድምፅ የተለየ ጠባብ ማኅደር አለው፤ እንግሊዛውያኑ አለን ባደሌና ግሬም ሂች እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረቡት ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ ለጥናት መሠረት ሆኖ ያገለግላል። ከመጽሐፉ የሚነበበው ዓረፍተ ነገር እስኪያልቅ ድረስ የሚቆየው በዚሁ ማኅደር ሲሆን፣ ሰው ላዳምጥ ባይልም በጆሮው የሚገባ ንግግር ፈቃድ ሳይጠይቅ እዚያው ይገባል። የያሬድ የዜማ መጽሐፍ የሆነው ድጓ በሚነበብበት ጊዜ ዜማውና ጽሑፉ ያንኑ ቃል ስለሚናገሩ ሽሚያ የለም፤ እንዲያውም የሚደጋገም ዜማ ቃሉን ለማስታወስ እንደሚረዳ ታውቋል። ልብ ወለድ ሲነበብና የሌላ ሰው ግጥም ሲዘፈን ግን ሁለት ንግግር በአንድ በር ይገፋፋል። ማርቲን ቫሲሌቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ቀደምት ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ንግግርና ሙዚቃ በንባብ መረዳት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት መጠነኛ ቢሆንም እውነተኛ መሆኑን፣ ግጥም ያለው ሙዚቃ ከሌለው፣ ትርጉሙ የሚገባ ንግግርም ከማይገባው ይበልጥ እንደሚያውክ አግኝተዋል።

በዚህ ሚዛን የአዝማሪ ዘፈን ለአንባቢ ከሁሉ የከፋ ጓደኛ ነው። ሰምና ወርቁን ለመፍታት አድማጩ ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ መተርጎም ስላለበት፣ ጥሩ አዝማሪ መሰንቆውን አንሥቶ በግጥም ሲነካካ መጽሐፍ ገልጦ የሚያነብ ሰው ወይ መጽሐፉን አያነብም ወይ ግጥሙን አይሰማም። ይህ የአዝማሪው ጉድለት ሳይሆን የጥበቡ ማረጋገጫ ነው። ቃል የሌለው ዋሽንትና ክራር፣ የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ወይም የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ ግን ከድምፅ ማኅደሩ በር ላይ ብዙ ሳይጋፉ ያልፋሉ።

ሙዚቃ ለምን ደስ እንደሚል ደግሞ በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ሥራ ያብራራል። ተሳታፊዎቹ የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ፣ ከደስታና ከፍላጎት ጋር የተያያዘው ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎላቸው ተለቋል፤ ከዚያም በላይ የሚያስገርመው ልብ የሚነካው የዜማ ክፍል ከመድረሱ በፊት፣ ገና ሲጠበቅ፣ በአንድ የአንጎል ክፍል መለቀቁ፣ ሲደርስ ደግሞ በሌላው መለቀቁ ነው። ደስታው ከመጠበቅ የሚገኝ ከሆነ የሚጠበቀውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝቶች ያደገ ጆሮ ቀጣዩን ድምፅ ስለሚገምት፣ ግምቱ ሲሳካም ሆነ በጥበብ ሲታለፍ ይረካል። የሞዛርት ሙዚቃ ብልህ ያደርጋል የሚለው እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ የተስፋፋ ወሬ ግን በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ተዳክሟል፤ የታየው ለውጥ ሙዚቃው ከሚፈጥረው መነቃቃትና መልካም ስሜት የመጣ እንጂ ከሞዛርት የተለየ ኃይል የመጣ አይደለም። ስለዚህ ለማንበብ ስሜቱን ማንሣት የሚፈልግ ሰው የሚወደውን ዘፈን መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት ቢያዳምጥ ያተርፋል።

የቡናው ሰዓት ግን ከዘፈኑ ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን፣ ይህም ብዙ ሲኒ ቡና ማለት ነው፣ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት እንኳ ሲወሰድ የሌሊቱን እንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል። የተነበበው ነገር በትውስታ የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ፣ ማታ አምሽቶ ለማንበብ ሲባል የተጠጣ አቦል የንባቡን ፍሬ ራሱ ሊበላው ይችላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የሚተኛ አንባቢ ጀበናውን ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ይጣድ፤ ከዚያ በኋላ እንግዳ ከመጣ በረካው ይበቃዋል።