አሚኖ አሲዶች የሕዋስን ሽፋን እንዴት ያልፋሉ?

የሕዋስ ሽፋን በቅባት የተገነባ በመሆኑ፣ ኤሌክትሪካዊ ሙል የተሸከሙት አሚኖ አሲዶች ያለ ተሸካሚ ፕሮቲን በቀላሉ ሊያልፉት አይችሉም። በትንሹ አንጀትና በኩላሊት ቱቦዎች ገለልተኛ አሚኖ አሲዶችን ከሶዲየም ጋር አጣምሮ የሚያስገባው ዋነኛ ተሸካሚ «ቢ-ዜሮ-ኤቲ-1» ይባላል። ኃይሉም የሚገኘው 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሲየም የሚያስገባው ፓምፕ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ሶዲየም ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ ነው።

የዚህ ተሸካሚ የዘር ጉድለት በ1956 እ.ኤ.አ. የተገለጸውን የሃርትናፕ በሽታ ያስከትላል። ትሪፕቶፋን ከአንጀት በበቂ መጠን አይመጠጥም፤ በሽንትም ይባክናል። 1 ሚሊ ግራም ናያሲን ለመሥራት 60 ሚሊ ግራም ያህል ትሪፕቶፋን ስለሚያስፈልግ፣ በአንዳንድ ሕሙማን ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ ፔላግራ መሰል ሽፍታ ይወጣል፤ አካሄዳቸውም ይንገዳገዳል።

ይሁን እንጂ ሁለት ወይም ሦስት አሚኖ አሲዶች የተያያዙባቸው ፔፕታይዶች «ፔፕት-1» በተባለ ሌላ ተሸካሚ ይገባሉ። ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ከኒኮቲናማይድ ጋር የሚታዘዘውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ በቂ ምግብ በሚያገኝ፣ ኢሶኒያዚድም በማይወስድ ሕፃን ላይ የፔላግራ ምልክት ሲታይ፣ የሽንቱ አሚኖ አሲድ ወደሚመረመርበት ተቋም መላክ ይገባል።