ውሻችሁ ከየት ነው የሚጠጣው?

እ.ኤ.አ. በ2019፣ በኦገስት ወር ነው። በአሜሪካ፣ በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ዊልሚንግተን በምትባል ከተማ አንዲት ሴት ሦስት ውሾቿን ወደ አንድ ኩሬ ወሰደቻቸው። ሙቀቱ ከባድ ስለነበር ትንሽ ይቀዝቅዙ ብላ ነው። ውሾቹ ውሃው ውስጥ ተንቦጫረቁ፣ ተጫወቱ። ወደ ቤት መመለስ ሲጀምሩ ግን አንዷ ውሻ በድንገት መንቀጥቀጥ ያዛት። ሴትየዋ ወደ እንስሳት ሐኪም ይዛት ስትበር ሌሎቹም ታመሙ። እኩለ ሌሊት ሳይሆን ሦስቱም ሞቱ።

ለሞት ያበቃቸው ውሃው ውስጥ የነበረው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ነበር። አልጌ ይባል እንጂ እውነተኛ አልጌ አይደለም። ሳይኖባክቴሪያ የሚባል የባክቴሪያ ዓይነት ነው። ሁሉም ዓይነት መርዝ አያመነጭም፤ የሚያመነጨውን ከማያመነጨው በዓይን መለየት ግን አይቻልም። አንዳንዱ መርዝ ጉበትን ያጠቃል፤ ውሻው የሚታመመው ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ነው። ሌላው ነርቭን ያጠቃል፤ እሱ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ለሁለቱም ማርከሻ መድኃኒት የለም። ሐኪሙ ማድረግ የሚችለው የውሻውን ሕይወት ደግፎ ማቆየት ነው።

ይህን ታሪክ ለቤተሰብ ስትነግሩ ምን እንደሚሏችሁ እገምታለሁ። «ውሻ አይደል እንዴ! ምን ይሆናል?» አገር ቤት ያደጉ ወላጆቻችን የሚያውቁት ውሻ ቡቺ ወይም ቦቢ የሚባል ግቢ ጠባቂ ነው። ቡቺ የዝናብ ውሃ ከመንገድ ዳር ይጠጣል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ማታ ይጮኻል። ስለዚህ አያት ውሻውን ሊያንሸራሽሩ ወጥተው ከኩሬ ሲጠጣ ቢያዩት ገመዱን አይስቡም። ይህ ጭካኔ አይደለም፤ ውሻ ሁሉን ይችላል ብሎ ማመን ነው። ነገር ግን አንድ ቀን ቡቺ ታሞ ሲሞት ከምን እንደሞተ የመረመረ ሰው አልነበረም። «መርዝ በልቶ ይሆናል» ተብሎ ታለፈ። የምናስታውሰው የተረፉትን ውሾች ነው።

ውሻ ከሰው ይልቅ የሚጎዳበት ምክንያትም አለ። ሰውነቱ ትንሽ ነው፤ ሲሞቀው ደግሞ ብዙ ይጠጣል። ሰው መጥፎ ሽታ ያለውን ውሃ ይሸሻል፤ ውሻ ግን ብዙ ጊዜ ሽታው ይስበዋል። ባይጠጣ እንኳ ከዋኘ በኋላ ጸጉሩን ይልሳል። ያኔ ጸጉሩ ላይ የቀረው መርዝ ሆዱ ይገባል።

ይህ አልጌ የሚበዛው በሞቃት ወራት፣ በማይንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ ነው። ከእርሻና ከሣር ሜዳ ታጥቦ የሚመጣ ማዳበሪያ ይመግበዋል። ንፋስ ደግሞ ወደ ዳር ይገፋዋል፤ ውሻ የሚጠጣው ደግሞ ከዳር ነው። የፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም ይመስላል፤ አንዳንዴም ጎመን የተቀቀለበትን ውሃ። ቡናማ ወይም ቀይ የሚሆንበት ጊዜም አለ። አንድ ቀላል ሙከራ አለ፤ ረጅም እንጨት አስገብታችሁ አውጡ። እንደ ረጅም ጸጉር ተንጠልጥሎ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ተራ አልጌ ነው። እንጨቱን ቀለም እንደተቀባ ካደረገው ግን ውሻውን ይዛችሁ ሂዱ። ይህ የቤተ ሙከራ ምርመራን አይተካም፤ ስትጠራጠሩ ራቁ። ውሃውን ማፍላትም መርዙን አያጠፋም።

ኩሬን ፈርቶ ወደ ወንዝ መሄድም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2020 በዩታ ግዛት፣ በዛየን ብሔራዊ ፓርክ፣ አንድ ቡችላ በቨርጂን ወንዝ ውስጥ ከተጫወተ በኋላ ሞተ። ወንዙ ይፈሳል፤ ላዩ ላይ አረንጓዴ ሽፋን አልነበረውም። እዚያ ሳይኖባክቴሪያው የሚያድገው ታች፣ ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ነው። አውሮፓ ያላችሁም አታመልጡም፦ በ2023 በሰሜን አየርላንድ የሚገኘው ትልቁ ሎክ ኔይ ሐይቅ በዚሁ አልጌ ተሸፍኖ ነበር።

ከተማ ውስጥ የሚያሰጋው ሌላ ነው። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ በአይጥ፣ በራኩንና በሌሎች እንስሳት ሽንት ይተላለፋል። ባክቴሪያው እርጥብ አፈርና የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ በመኪና ማቆሚያ ላይ የቀረች ትንሽ ውሃ ትበቃለች። እ.ኤ.አ. በ2021 በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ከ200 በላይ ውሾች በዚህ በሽታ መያዛቸው ተመዝግቧል። የታመመ ውሻ ያተኩሰዋል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስመልሰዋል፣ ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል። ኩላሊቱና ጉበቱ ይጎዳሉ። ቶሎ ከተደረሰበት አንቲባዮቲክ ያድነዋል። ከታመመ ውሻ ሽንት ወደ ሰው ስለሚተላለፍ በጓንት አጽዱ፤ ልጆች አይንኩት።

ለዚህኛው ክትባት አለ። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ ይሰጣል። «የእኛ ውሻ የከተማ ውሻ ነው፣ አያስፈልገውም» የሚል አባባል በፊት የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የእንስሳት ሐኪሞች የጋራ ምክር ግን ሁሉም ውሾች በየዓመቱ እንዲከተቡ ይላል። የእናንተ ውሻ መከተቡን የክትባት ወረቀቱ ላይ ተመልከቱ፤ የእብድ ውሻ ክትባት ስለወሰደ ይህንንም ወስዷል ማለት አይደለም።

ጃርዲያን በአጭሩ ልለፈው፤ ተቅማጥ ያመጣል፣ ይታከማል። አንቲፍሪዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከመኪና ራዲያተር ፈስሶ ጋራዥ ውስጥ የሚጠራቀመው ይህ ፈሳሽ ጣፋጭ ስለሆነ ውሻ ይልሰዋል፤ ጥቂቱ እንኳ ኩላሊቱን ያጠፋል። ማርከሻ አለው፤ የሚሠራው ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ከተሰጠ ነው። ምልክቱ እስኪታይ አትጠብቁ።

ከቤት ስትወጡ ውሃና የሚታጠፍ ሳህን ያዙ፤ ከመውጣታችሁም በፊት አጠጡት፤ ያልጠማው ውሻ ኩሬ አይፈልግም። አጠራጣሪ ውሃ ውስጥ ከገባ ጸጉሩን ሳይልስ በንጹህ ውሃ እጠቡት፤ ስታጥቡት ጓንት አድርጉ። አያቶቻችሁ የሚያንሸራሽሩት ከሆነ በአማርኛ ንገሯቸው፦ «አያቴ፣ እባክዎ ከኩሬው እንዳይጠጣ ገመዱን ያሳጥሩት። ውሃው ይኸው፣ ቦርሳው ውስጥ አለ።» ምክንያቱንም ጨምሩ፤ «መርዝ አለበት» ከሚለው ይልቅ «ሦስት ውሾች በአንድ ሌሊት ሞቱ» የሚለው ቶሎ ይገባቸዋል።

ከውሃ ከወጣ በኋላ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ ካስመለሰው፣ ከተንገዳገደ ወይም ከተንቀጠቀጠ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሐኪም ሳያዛችሁ እንዲያስመልሰው አታድርጉ። አሜሪካ ላላችሁ የኤኤስፒሲኤ የእንስሳት መርዝ መረጃ ስልክ 888-426-4435 ነው፤ ሌሊትም ይሠራል፣ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ሌላ ሰው መኪናውን ሲያስነሳ የውሃውን ፎቶ አንሱ፣ የጠጣበትንም ሰዓት ጻፉ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።