ከዋልያስ በኋላ፦ ባንድ ሲበተን ሙዚቀኛው ምን ይዞ ይወጣል?

1985 የሮክ ሙዚቃ አቀንቃኞች ከየባንዳቸው ወጣ ብለው ለብቻ የሞከሩበት ዓመት ነበር። የሮሊንግ ስቶንስ ሚክ ጃገር፣ የኩዊን ፍሬዲ መርኩሪና የፖሊስ ስቲንግ የመጀመሪያ የግል አልበማቸውን ያወጡት በዚያ ዓመት ነው። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ አኮርዲዮኑን ይዞ አነስተኛ ስቱዲዮ ገባ፤ ያለ ባንድና ያለ ድምፃዊም አንድ ካሴት ቀድቶ ወጣ። ስሙ ኃይሉ መርጊያ ነው። የመጣበት ባንድ ደግሞ ዋልያስ። የሦስቱ ፈረንጆች አልበም በወጣበት ዓመት በየአገሩ ሲደመጥ፣ የኃይሉ ካሴት ከአበሻ ጆሮ አልፎ ለመሰማት 28 ዓመት ፈጅቶበታል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልዩነቱን ለመረዳት በቅድሚያ ባንድ ውስጥ ማን በስሙ እንደሚታወቅ ማየት ያስፈልጋል። በሮክ ባንድ ዘንድ አባላቱ አራትም ይሁኑ አምስት፣ አድማጩ እያንዳንዳቸውን በስም ያውቃቸዋል። ዘፈኑን የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው፤ በሸክላው ጀርባ የደራሲው ስም ይታተማል። ጠቡም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ይነሣል። የቢትልስ ጊታሪስት ጆርጅ ሃሪሰን ለዓመታት በየአልበሙ የሚፈቀድለት አንድ ወይም ሁለት ዘፈን ነበር፤ የቀረውን ቦታ ሌነንና ማካርትኒ ይይዙታል። ባንዱ በ1970 ሲፈርስ ሃሪሰን ያጠራቀመውን ሁሉ ይዞ ወጣና በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የሦስት ሸክላ አልበም አሳተመ። ሥራውም ስሙም ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የጎደለው ቦታ ብቻ ነው።

በእኛ አገር ግን የካሴቱን ሽፋን የሚይዘው የድምፃዊው ፎቶ ነው። ባንዱ አጃቢ ነው፤ ስሙ ከተጻፈም በትንሽ ፊደል ከታች ነው። ሕዝቡ ማኅሙድ አሕመድን ያውቃል፤ በ1975 «እሬ መላ መላ»ን ያጀበው አይቤክስ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር የመታውን ጆቫኒ ሪኮን ግን ከሙያው ሰዎች በቀር ስንት ሰው ይጠራዋል? አይቤክስ በኋላ ሮሃ ባንድ ሆኖ የአንድ ትውልድ ድምፃውያንን አጅቧል፤ የአባላቱ ስም ግን ከዘፋኞቹ ጥላ አልወጣም። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ኪቦርዲስት ወይም ሳክስፎኒስት ከባንዱ ሲወጣ ይዞት የሚወጣ ዝና የለውም። ጣቶቹን ይዞ ይወጣል፤ ዕድለኛ ከሆነ መሣሪያውንም።

«መሣሪያውንም» ማለቴ ያለ ነገር አይደለም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የተቋማት ነበሩ፤ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የሀገር ፍቅርና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ ነው፤ ትራምፔቱም ሳክስፎኑም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። የምሽት ክበቦች ሲስፋፉም ነገሩ እምብዛም አልተለወጠም፤ መሣሪያውን የሚገዛው የክበቡ ባለቤት ነበርና ሙዚቀኛው ከተቀያየመው ባዶ እጁን ይሄዳል። ዋልያስ ከዚህ የተለየ መንገድ ከጀመሩት አንዱ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬነስ በተባለው ክበብ ይሠሩ በነበሩ ሙዚቀኞች ዙሪያ ተመሠረተ፤ የራሱን መሣሪያ ገዛ፤ ከዚያ ከአዲስ አበባ ሂልተን ጋር በራሱ ስም ተዋውሎ ለዓመታት ሠራ። ለእኔ ከዋልያስ ታሪክ ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ከሙዚቃው ያላነሰ።

ኃይሉ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወልዶ በዐሥር ዓመቱ ገደማ አዲስ አበባ ገባ።   የደብረ ብርሃን አካባቢ ሽለላውና እንጉርጉሮው የቤት ሙዚቃ የሆነበት፣ አማራውና ኦሮሞው ጎን ለጎን የሚኖርበት ነው። ኃይሉ በልጅነቱ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ዘፈን እየሰማ አደገ፤ በ14 ዓመቱ ደግሞ አኮርዲዮን ራሱን አስተማረ። አኮርዲዮን በዚያ ዘመን የከተማው መሣሪያ ነበር። በኋላ ኤሌክትሪክ ኦርጋን ሲመጣ ቦታውን ለቀቀ፤ ኃይሉም ከሌሎቹ ጋር ወደ ኦርጋኑ ተሻገረ።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ። በሌላ አገር ቢሆን ይህ የምሽት ሙዚቃን ይገድል ነበር። ሂልተን ግን ሌላ መላ ተገኘ፤ እንግዳው ከሰዓት እላፊ በፊት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል፣ ሁሉም ጠዋት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ደግሞ ዘፈን ብቻ አይበቃውም፤ ድምፃዊው ማረፍ አለበት፣ ክፍተቱን በመሣሪያ መሙላት ግድ ነው። ግጥም ሳንሱር በሚደረግበት ዘመን ግጥም የሌለው ዜማ የራሱ ነፃነት ነበረው ብንል የተሳሳትን አይመስለኝም።

ዋልያስ በ1975 «ትዝታ» የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ካሴት ሠራ። በ1977 ደግሞ «ቼ በለው» በሸክላ ታተመ። ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተጋብዞበታል። ከዚህ ሸክላ የወጣው «ሙዚቃዊ ስልት» ዛሬ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ከሚታወቁት የመሣሪያ ዜማዎች ግንባር ቀደሙ ነው፤ የአሜሪካ ባንዶች ሳይቀሩ ደጋግመው ተጫውተውታል። ዜማውን የደረሰው ግርማ በየነ ነው፤ ስሙን ያዙልኝ። በ1978 ኃይሉ ከዋልያስ ሳይለይ በጊዮን ሆቴል ይጫወት ከነበረው ዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ቀዳ። የሂልተን ኪቦርዲስት ከጊዮን ባንድ ጋር ሄዶ መቅዳቱ፣ ያኔውኑ ጣቱ ከአንድ ባንድ የሰፋ እንደነበር ያሳያል።

በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ሄደ፤ እንዲህ ያለ ጉዞ ካደረጉ የኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንዶች የመጀመሪያው ነበር። ማኅሙድ አሕመድም አብሮ ነበር። የተመልካቹ አብዛኛው አገሩን ጥሎ የወጣ ስደተኛ ነው፤ አዳራሹ ሲሞላ ለናፍቆት እንጂ ለአዲስ ሙዚቃ አይደለም። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ኃይሉ፣ ሳክስፎኒስቱ ሞገስ ሀብቴ፣ ቤዚስቱ መላኩ ገብሬና ፒያኒስቱ ግርማ በየነ አሜሪካ ቀሩ። ትራምፔተሩ ዮሐንስ ተኮላና ድራመሩ ተማረ ሐረጉ አገር ቤት ተመለሱ። ጠብ አልነበረም፤ የዘፈን ድርሻ ጥያቄም አልነበረም። ጆርጅ ሃሪሰንን ከቢትልስ የለየው አልበም ውስጥ ያጣው ቦታ ነው፤ እነዚህን የለያቸው ግን ቦሌ ላይ የሚያርፈውን አውሮፕላን መሳፈርና አለመሳፈር ነው።

ኃይሉ ከሞገስና ከመላኩ ጋር ዙላ ባንድን አቋቁሞ በዋሽንግተን አካባቢ ሲጫወት ቆየ። በ1985 ያን ካሴት ቀዳ፤ «ሸሞንሟናዬ» ይባላል። እንዴት እንደተሠራ ልግለጸው፤ የግል ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለምና። ብዙ ትራክ ባለው መቅጃ አንድ ሰው ድምፅን በድምፅ ላይ መደራረብ ይችላል። መጀመሪያ ምቱን ከድራም ማሽን ያስገባል፤ በላዩ ቤዙን በሲንተሳይዘር ይደርባል፤ ቀጥሎ ሮድስ የተባለውን ኤሌክትሪክ ፒያኖ፤ መጨረሻ ላይ ዜማውን በአኮርዲዮን ይጫወተዋል። ያኔ ገና ገበያ ላይ ሁለት ዓመት የሆነው ያማሃ ዲኤክስ 7 ኪቦርድም በሥራው ላይ አለ። ስድስት ሰው ይሠራው የነበረውን አንድ ሰው ሠራው ማለት ነው። ገንዘቡና ባልደረቦቹ ስላልነበሩት ብቻ ያደረገው አይመስለኝም፤ በሂልተን ሌሊቶች ቦታ ያላገኘው አኮርዲዮን ወደ ፊት የመጣው እዚህ ነው።

የተመረጡትን ዜማዎች እዩ፤ «ሽለላ»፣ «አምባሰል»፣ «እምቧ በይ ላሚቱ»፣ «ሐሪ መሩ መሩ»። በሙሉ ሕዝቡ የሚያውቃቸው ናቸው፤ በስደት ያለ ሰው ግጥሙን በልቡ እየሞላ ይሰማቸዋል። ስቲንግ በዚያው ዓመት ለብቻው ሲሞክር ወጣት የጃዝ ተጫዋቾችን ሰብስቦ ወደ አዲስ ድምፅ ሄደ። ኃይሉ ወደ ልጅነቱ አኮርዲዮን ተመለሰ፤ ድራም ማሽኑና ሲንተሳይዘሩ ግን ነገሩን የድሮ እንዳይመስል አድርገውታል። ይህ ቅይጥ ነው ካሴቱን ዛሬም የሚያስደምጠው።

ካሴቱ አገር ቤት ገብቶ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ ግን ዝምታ ነው። መድረኩ እየራቀ ሄደ፤ ኃይሉ በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ይነዳ ጀመር። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አላወጣውም፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ታክሲው ውስጥ ገብተው የወረዱ ስንት ሰዎች ሹፌራቸው ማን እንደሆነ ሳያውቁ ቀርተዋል።

መንገዱ የተከፈተው ባሕር ዳር ላይ ነው። ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ፣ የአፍሪካ ካሴቶችን እየሰበሰበ የሚያሳትም አሜሪካዊ እዚያ «ሸሞንሟናዬ»ን ገዛ፤ ወደደው፤ ሰውየውን ፈልጎ አገኘው፤ በ2013ም «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አሳታሚው በኩል እንደገና አወጣው። አሳታሚው ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል የሚካፈል ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በካሴት ዘመን የተለመደው ለመሣሪያ ተጫዋች አንዴ ተከፍሎት የሚቋጭ ሒሳብ ነበር። በአገራችን ተጫዋቹ በቀረጻው ላይ መብት እንዳለው በግልጽ የደነገገው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ዋልያስ ከተበተነ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው። ሕጉ ስም ያለውን ይጠብቃል፤ ሽፋኑ ላይ ስሙ ያልተጻፈ ተጫዋች ግን እኔ ነኝ ብሎ ለማስረዳት ዛሬም ይቸገራል።

ከ2013 በኋላ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ «ትዝታ» በ2021 እንደገና ታተሙ። በመካከሉ ሁለት አዲስ አልበሞች መጡ፤ በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። ሁለቱም እንደ 1985ቱ የብቻ ሥራ አይደሉም፤ ቤዝና ድራም የሚመቱ ሰዎች አብረውት አሉ። «የኔ ምርጫ» ላይ ቤዙን ዓለምሰገድ ከበደ፣ ድራሙን ኬኔት ጆሴፍ መትተዋል። ሽፋኑ ላይ ግን የሚነበበው የኪቦርዲስቱ ስም ነው፤ ሂልተን ውስጥ ከድምፃዊው ጀርባ የቆመው ሰው።

ስሙን ያዙልኝ ያልኋችሁ ግርማ በየነስ? የእሱ መንገድ የበለጠ የከበደ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ እጅግ ብዙ ዘፈኖችን አቀናብሯል፤ በራሱ ድምፅ የቀዳቸው ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አሜሪካ ከቀረ በኋላ ሙዚቃን ትቶ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ለዓመታት ሠራ። ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፓሪስ ባንድ ጋር ያወጣው አልበም በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 30ኛ ሆኖ ታተመ። ልብ በሉ፤ ኃይሉን ያዳነው ራሱ የቀዳው፣ ስሙ የተጻፈበት አንድ ካሴት ነው። ግርማ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረውም፤ አብዛኛው ቅንብሩ በሌሎች ስም ተሰራጭቷል፤ ስለዚህ እሱን ለማግኘት የሌሎችን ሸክላዎች መመርመር የሚችል ሰው ያስፈልግ ነበር። የ«ኢትዮፒክስ» አዘጋጅ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያን ዓይነት ሰው ሆነ።

መስማት ለሚፈልግ አንባቢ ቅደም ተከተሉን ልጠቁም። «ሙዚቃዊ ስልት»ን አስቀድሙ፤ ግርማ የደረሰውን፣ ዋልያስ ገና አንድ ላይ ሳሉ የተጫወቱትን። ቀጥሎ «ሸሞንሟናዬ»፤ በተለይ «ሽለላ» ላይ አኮርዲዮኑን ተከታተሉት። በመጨረሻ «ላላ በሉ» መዝጊያ ላይ ያለውን «የፍቅር እንጉርጉሮ»ን ስሙ። እዚያ ቤዝም ድራምም የለም፤ ኃይሉ ፒያኖውን ብቻውን ነው የሚጫወተው።