ከአሮጌ ጎማ የተሠራ ዥዋዥዌ

ባለፈው ቅዳሜ በጓሯችን ተጥሎ የኖረውን የመኪና ጎማ ለሕፃናቱ ዥዋዥዌ ልናደርገው ተነሣን። ገመዱንም ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አሰርን። ይህን ያዩ ሽማግሌ ጎረቤታችን «ልጆቼ፣ መጀመሪያ አሸዋ ጫኑበት» አሉን። የተማርን ነንና ሳቅን፤ ቢሆንም እሳቸውን ለማክበር አንድ ጆንያ አሸዋ አስቀመጥንበት። ሁለት ጊዜ ብንወዘውዘው ቅርንጫፉ ተገነጠለ፤ ሳቃችንም በአፋችን ቀረ። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ቢያድግም ቅርንጫፉ አይታመንም።

ከዚያ ወዲያ ወፍራም የወይራ ቅርንጫፍ መረጥን። ገመዱ ቅርፊቱን እንዳይልጠው አሮጌ ከመነዳሪ ጠቀለልንበት። ውሃ አቁሮ ትንኝ እንዳያራባም የጎማውን ታች በሳን። ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ከሰቀልነው በኋላ፣ አስቀድመን የተወዛወዝንበት እኛው ነን።

ለሌላው ያዘጋጁትን ነገር በራስ ላይ መሞከር ለዥዋዥዌ ብቻ አይደለም፤ ሰኞ ቢሮ ስንገባም ያስፈልገናል።