የተማሪዎች ጋዜጣና የርእሰ ነገር መጠቁም
ስለ አሠራሩና ለትምህርት ስለሚሰጠው ጥቅም

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1950 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ በ1961 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ሲያድግ፣ ከመማርና ማስተማሩ ጐን ለጐን አንድ የጽሑፍ ዘርፍ አብሮ አድጓል። ይኸውም የተማሪዎች ጋዜጣ ነው። በመጀመሪያ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» (ዜናና አስተያየት)፣ ኋላም የዩኒቨርስቲው ተማሪዎች አንድነት ልሳን የሆነው «ስትራግል» (ትግል) የዘመኑን ተማሪ ሐሳብ፣ ቅሬታና ክርክር ይዘው ቆይተዋል። ዛሬ የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያስተምር መምህር ወይም የትምህርትን ዕድገት የሚያጠና ባለሙያ ወደ እነዚህ ገጾች መመለሱ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ተመልሶ የሚያገኘው ምንድን ነው? ስሙ የገነነ አንድ ወይም ሁለት ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለ መኝታ ቤት፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ሴቶች ተማሪዎች ወይም በክፍለ ሀገር ስለሚሰጥ አገልግሎት የተጻፈውን ለማግኘት እትሞቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በገጽ ማገላበጥ ግድ ይሆንበታል። ጊዜ የሌለው መምህር ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ስለዚህም ከሌሎች መጻሕፍት የተጠቀሰውን ብቻ ደግሞ ይጠቅሳል። በዚህ ዓይነት የአንድ ትውልድ ሰፊ ሐሳብ ወደ ጥቂት ጥቅሶች ይጠባል። ይህን የሚያቃልለው መሣሪያ በርእሰ ነገር የተዘጋጀ መጠቁም ነው።

የመጠቁም ምንነት

መጠቁም ከማውጫ ይለያል። ማውጫ በእትሙ ውስጥ ያሉትን ጽሑፎች በቅደም ተከተላቸው የሚዘረዝር ሲሆን፣ መጠቁም ግን ብዙ እትሞችን ባንድነት ይዞ አንባቢው ከሚፈልገው ጉዳይ ተነሥቶ ወደ ቀኑና ወደ ገጹ እንዲደርስ ይመራዋል። ጸሐፊውን ወይም የጽሑፉን ርእስ ለማያውቅ አንባቢ የሚረዳው ይህ ሁለተኛው ነው።

የሙያው መሠረት ከተጣለ ቆይቷል። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ቻርልስ ካተር እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው ደንብ፣ አንድ ሥራ በሰፊው ወገን ሳይሆን ጉዳዩን በትክክል በሚገልጸው ጠባብ ቃል ሥር መግባት እንዳለበት አስተምሯል። በ1923 ሚኒ ኧርል ሲርስ ለአነስተኛ ቤተ መጻሕፍት የሚሆን የአርእስተ ነገር ዝርዝር አሳተመች። ኒውዮርክ ታይምስን የመሰሉ ታላላቅ ጋዜጦችም መጠቁማቸውን እያሳተሙ ለአንባቢ አቅርበዋል። የተማሪዎች ጋዜጣ ግን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ ዕድል አላጋጠመውም። አዘጋጆቹ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ወረቀቱ ቶሎ ይበላሻል፤ ጽሑፉም ለዕለት ጉዳይ እንጂ ለታሪክ ተብሎ የተጻፈ አይደለም።

የሥራው ደረጃዎች

ሥራው በአምስት ደረጃዎች ሊከፈል ይችላል።

አንደኛ፣ ያሉትን እትሞች መሰብሰብና መቊጠር ነው። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቀዳሚ መነሻ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ብዙ ሰዎች በቤታቸው የነበረውን ጽሑፍ በፍርሃት ያቃጠሉ ወይም የቀበሩ በመሆናቸው፣ በግለሰቦች እጅ የተረፈ አንድ እትም እንኳ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ያልተገኘው እትም በመጠቁሙ መግቢያ ላይ «አልተገኘም» ተብሎ በቊጥሩ መመዝገብ አለበት። ይህ ካልተደረገ አንባቢው በመጠቁሙ ውስጥ ያጣውን ጉዳይ ጭራሹኑ እንዳልተጻፈ አድርጎ ሊገምት ይችላል።

ሁለተኛ፣ የሚመዘገበውን መወሰን ነው። ርእሰ አንቀጽ፣ ዜና፣ ሐተታ፣ ለአዘጋጁ የተላከ ደብዳቤ፣ ግጥምና የካርቱን ሥዕል ሁሉ ሊመዘገቡ ይገባል። ማስታወቂያ በጥቅሉ ቢታለፍም የስብሰባና የምርጫ ማስታወቂያ ግን መተው የለበትም፤ አንድ ስብሰባ ስለ መጠራቱ ብቸኛው ማስረጃ እርሱ ሊሆን ይችላልና።

ሦስተኛ፣ ጽሑፉን አንብቦ «ስለ ምን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ ርእሱን ብቻ ማመን ያሳስታል። የተማሪ ጸሐፊ በአሽሙርና በምሳሌ መጻፍ ይወዳል። ለምሳሌ ያህል «ሾርባው ቀጠነ» የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ ስለ ምግብ ቤት አስተዳደር ሊሆን ይችላል፤ ወይም ስለ ትምህርት ጥራት፣ ወይም ስለ አገር አስተዳደር። መልሱ የሚገኘው ጽሑፉን እስከ ፍጻሜው በማንበብ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ለጉዳዩ ከተወሰነው ዝርዝር ውስጥ ርእሰ ነገር መስጠት ነው። አንድ ጽሑፍ ከአንድ እስከ ሦስት አርእስተ ነገር ቢሰጠው ይበቃል። ስለ ሁሉም ነገር የሚናገር ካርድ ስለ ምንም አይናገርምና።

አምስተኛ፣ ካርዱን መጻፍና በፊደል ተራ መደርደር ነው። ካርዱ ርእሰ ነገሩን፣ የጸሐፊውን ስም፣ የጽሑፉን ርእስ፣ የጋዜጣውን ስም፣ ዓመቱን፣ ቊጥሩን፣ ቀኑን፣ ገጹንና የጽሑፉን ዓይነት ይይዛል። የገጹ ቊጥር ከራሱ ከእትሙ ታይቶ የሚሞላ ሲሆን፣ የቀረው እንደሚከተለው ይሆናል፦

የብሔረሰቦች ጥያቄ
ዋለልኝ መኰንን። ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በኢትዮጵያ። ስትራግል፣ 5ኛ ዓመት፣ ቊጥር 2፣ ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1969)። ሐተታ፤ በእንግሊዝኛ።

የቃል ምርጫ ክብደት

ከአምስቱ ደረጃዎች ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቀው አራተኛው ነው። ርእሰ ነገር መስጠት የቢሮ ሥራ ቢመስልም በውስጡ ፍርድ አለበትና።

ከላይ የተጠቀሰውን ጽሑፍ እንመልከት። ጽሑፉ ሲወጣ ጉዳዩ በአደባባይ እምብዛም የማይነሣ ነበር። አንዱ መዝጋቢ «ጐሣ»፣ ሌላው «ነገድ»፣ ሦስተኛው «ብሔረሰብ» ሊለው ይችላል። ከአብዮቱ በኋላ በመንግሥት ቋንቋ የሰፈነው «ብሔረሰብ» ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» ይላል። አንባቢው እንደ ዕድሜውና እንደ ትምህርቱ በተለያየ ቃል ፈልጎ ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ቃል ዋና ርእሰ ነገር ይሆናል፤ ሌሎቹም በየቦታቸው ካርድ ተጽፎላቸው «ጐሣ፤ የብሔረሰቦች ጥያቄን ተመልከት» በሚል መምሪያ ይያያዛሉ። በዚህ ዓይነት ማንም አንባቢ በቃሉ ምክንያት ባዶ እጁን አይመለስም።

ሁለተኛው ምሳሌ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወደ ምክር ቤት ያደረጉት ጉዞ ነው። ባለሥልጣን ይህን መሰሉን ድርጊት «ረብሻ» ሲል፣ ተማሪው «ሰላማዊ ሰልፍ» ይለዋል። መጠቁም አዘጋጁ ግን ከሁለቱም መጠንቀቅ ይገባዋል። «ረብሻ» የሚለው ቃል ይከሳል፤ «ሰላማዊ» የሚለው ደግሞ ይሟገታል። «ሰልፍ» የሚለው ብቻውን የሆነውን ይናገራል። «መሬት ላራሹ» የሰልፉ መፈክር በመሆኑ በራሱ ስም ሊገባ ይችላል፤ «የመሬት ይዞታ» ከሚለው ሰፊ ርእሰ ነገርም «በተጨማሪ ተመልከት» በሚል መምሪያ ይያያዛል። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው የየካቲት 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ከዐሥር ዓመት በኋላ መውጣቱን የሚያስተምር መምህር ሁለቱን ባንድነት ማግኘት ይኖርበታል።

ይሁንና ሚዛናዊ መሆን ማለት ማለስለስ ማለት አይደለም። የተማሪዎቹ አንድነት ፕሬዚዳንት የነበረው ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በጥይት ተመትቶ ሞቷል። ይህን «ሞት» ብቻ ብሎ መመዝገብ የሆነውን ይሸሽጋል፤ «መሥዋዕትነት» ማለት ደግሞ ትርጉም ይጨምርበታል። «ጥላሁን ግዛው፤ ግድያ» የሚለው ግን የተፈጸመውን ሳያበዛም ሳያሳንስም ያስቀምጣል። ሕጉ ባጭሩ ይህ ነው፤ ርእሰ ነገሩ ድርጊቱን ይጥራ፤ ፍርዱ ለአንባቢው ይቆይ።

የአገራችን ልዩ ጥያቄዎች

ከውጭ አገር የመጣውን ደንብ እንዳለ መቅዳት በሦስት ነገሮች ላይ አይሠራም።

የመጀመሪያው የሰው ስም ነው። በአገራችን ልማድ የሰው መጠሪያ የራሱ ስም እንጂ የአባቱ ስም አይደለም። ስለዚህ ዋለልኝ መኰንን በ«ወ» ሥር እንጂ በ«መ» ሥር አይገባም። በውጭ አገር የተዘጋጁ አንዳንድ ዝርዝሮች በአባት ስም ስለሚመዘግቡ፣ ከእነርሱ ጋር የሚያስተያይ አንባቢ ይህን ማወቅ አለበት። «ራስ»፣ «ደጃዝማች»፣ «ዶክተር» የመሳሰሉት ማዕርጎችም በፊደል ተራው አይቈጠሩም።

ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። ድምፃቸው አንድ የሆነ፣ መልካቸው ግን የተለያየ ፊደሎች ስላሉ አንዱ ቃል በሁለትና በሦስት ቦታ ሊበታተን ይችላል። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» በመካከላቸው «ረ» ብቻ ስላለ ብዙ አይራራቁም። በ«ሀ» እና በ«ኀ» መካከል ግን የፊደል ገበታው ሲሶ ያህል አለ፤ «ሀይል» ተብሎ የተጻፈው በመጀመሪያው ሳጥን ሲቀመጥ «ኀይል» የተባለው ከ«ተ» በኋላ ይመጣል። መፍትሔው ለአደራደር ሲባል ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሠ፣ ሰ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ እንደ አንድ ፊደል እንዲቈጠሩ በመግቢያው ላይ መደንገግ ነው። በካርዱ ላይ ግን የጸሐፊው አጻጻፍ እንዳለ ይጠበቃል።

ሦስተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። በእንግሊዝኛ የታተሙት ጋዜጦች የአውሮፓን ቀን ይይዛሉ። የዩኒቨርስቲው የትምህርት ዓመት ግን በመስከረም ተጀምሮ በክረምት የሚፈጸም በመሆኑ በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ይጠቃለላል። በኅዳር 1962 እና በሚያዝያ 1962 የወጡ ሁለት እትሞች ለእኛ የአንድ ዓመት ሥራዎች ሲሆኑ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1969 እና በ1970 ይከፈላሉ። ስለዚህ ሁለቱም ቀኖች በካርዱ ላይ ይጻፋሉ።

የብዕር ስም

በዚያ ዘመን የተማሪ ጸሐፊ ስሙን የሚሸሽግበት በቂ ምክንያት ነበረው። በብዕር ስም የወጣ ጽሑፍ በብዕር ስሙ ይመዘገባል። ባለቤቱ ራሱ በታተመ ጽሑፍ ከገለጸው እውነተኛው ስም በመምሪያ ሊያያዝ ይችላል። በወሬና በግምት ላይ ተመሥርቶ ስም መጨመር ግን ከሁለት በኩል ስሕተት ነው፤ ማስረጃ የለውም፤ የሰውንም አደራ ያፈርሳል።

ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ዛሬ የቈዩ ጋዜጦች በኮምፒዩተር ምስላቸው እየተነሣ መቀመጥ ጀምሯል። ይህ ወረቀቱን ከጥፋት ያድናል፤ ፍለጋውን ግን ብቻውን አያቃናም። ኮምፒዩተር የተጻፈውን ቃል ያገኛል እንጂ የታሰበውን ጉዳይ አያገኝም። ስለ ፈተና የተጻፈ ምፀታዊ ግጥም «ፈተና» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ላይጠቅስ ይችላል።

ጥቅሙንም በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪዎች ለአንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲሠሩ የሚያደርግ ነበር፤ ብዙዎቹም በመምህርነት ተመድበዋል። ዛሬ ስለ መምህራን ምደባ የሚያጠና ዕቅድ አውጪ እነዚያ ወጣቶች በየወረዳው ስላጋጠማቸው የጻፉት ነገር ካለ በአንድ ርእሰ ነገር ሥር ተሰብስቦ ቢያገኘው፣ ከሪፖርት የማይገኝ ማስረጃ ይሆነዋል።

መምህራንም ሥራውን በትንሹ ሊጀምሩት ይችላሉ። በትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ወይም በዓመታዊ መጽሔቱ ላይ ሃያና ሠላሳ ካርድ የሚያዘጋጅ ተማሪ፣ አንብቦ መረዳትን፣ ፍሬ ነገርን መለየትንና ለቃል መጠንቀቅን ባንድነት ይለማመዳል። ሁለት ተማሪዎች ለአንድ ጽሑፍ ለየብቻቸው ርእሰ ነገር ሰጥተው ልዩነታቸውን በክፍል ውስጥ ቢያስረዱ፣ ለቋንቋም ለታሪክም ትምህርት መልካም መልመጃ ይሆናል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውና የታሪክ መምህሩ ተባብረው የኮሌጁን የቈዩ የተማሪ ጽሑፎች ቢመዘግቡ ሰነዶቹ ሳይጠፉ ይደረስላቸዋል።

ማጠቃለያ

ጋዜጣ የዕለት ነው፤ መጠቁም ግን ዕለቱን ከዓመታት ጋር ያገናኛል። ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት፣ ወጥ የሆነ ደንብና በቃል ምርጫ ላይ ታማኝነት ነው። በካርድ ሳይመዘገብ የቀረ ጽሑፍ በመደርደሪያ ላይ ቢኖርም ለአንባቢ እንደሌለ ይቈጠራል። የትኛው ጽሑፍ ተነሥቶ የትኛው እንደሚረሳ በዝና ብቻ እንዳይወሰን ከተፈለገ፣ እትሞቹ ሳይበላሹና የሚያስታውሱአቸው ሰዎች ሳያልፉ ምዝገባውን መጀመር ያስፈልጋል።