ስንት ሜጋፒክስል ነው?

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ካሜራ ይዞ ለመጣ ዘመድ ሻንጣው ሳይፈታ የሚቀርብለት ጥያቄ ይህ ነው። ስለ ሌንሱ የሚጠይቅ የለም፤ የሴንሰሩን ስፋትማ ማን አስታውሶት! ቁጥሩ ከፍ ካለ «ካሜራ ማለት ይሄ ነው» ይባላል፤ ዝቅ ካለ ፊት ይቀዘቅዛል። ባለ 61 ሜጋፒክስል ካሜራ ተውሼ ላሊበላና ሰሜን ተራሮችን በጎበኘሁበት ጉዞም ከሹፌሩ እስከ አስጎብኚው ጥያቄው ያው ነበር። መልሱን ሲሰሙ የሚያሳዩት አድናቆት ግን ግማሹ ለካሜራው የማይገባው ነው።

ስሌቱ ራሱ ያታልላል። ከባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ጋር ብናስተያየው፣ 61 ለ24 ሲካፈል ሁለት ተኩል ገደማ ይሆናልና ፎቶውም በዚያው ልክ የሚጠራ ይመስላል። ሜጋፒክስል የሚቆጥረው ግን በጠቅላላው ስፋት ላይ ያሉትን ነጥቦች ነው። ባለ 24ቱ ካሜራ ወርዱ 6000፣ ቁመቱ 4000 ነጥብ የሆነ ምስል ይሰጣል፤ ባለ 61ዱ ደግሞ 9504 በ6336። ወርዱን ከወርዱ ጋር ስናስተያይ ጭማሪው 1.6 እጥፍ እንኳ አይሞላም። በወርድም በቁመትም እጥፍ ዝርዝር የፈለገ ሰው 96 ሜጋፒክስል መግዛት አለበት። ደግሞስ የት ሊያየው? ባለ 4ኬ ቴሌቪዥን በጠቅላላው የሚያሳየው 8.3 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። በኤ4 ወረቀት ላይ በ300 ዲፒአይ የሚታተም ፎቶም 9 ሜጋፒክስል አይፈጅም። በቴሌግራም «ፋይል» ተብሎ ሳይሆን እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል ደግሞ ተጨምቆ ስለሚደርስ 61ዱም 24ቱም እዚያ እኩል ናቸው።

«ትልቅ አድርገህ ልታሳትም ስትፈልግ ነው የሚለየው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፣ ግን እሱም ቢሆን የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ብራዚላዊው ፎቶ አንሺ ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ «ጀነሲስ» በተባለው ሥራው መካከል፣ በ2008 እ.ኤ.አ.፣ ከፊልም ወደ ዲጂታል ሲሻገር የያዘው ካሜራ ባለ 21 ሜጋፒክስል ነበር። የሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች ያሉበት የዚህ ሥራ ፎቶዎች በታላላቅ የዓለም ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ በግዙፍ መጠን ተሰቅለዋል። ከፊልም እንዲሸሽ ካደረጉት ምክንያቶች ዋናው የአውሮፕላን ማረፊያ ኤክስሬይ ነበር። ዛሬም ቦሌ ላይ ሜሞሪ ካርዱን በእጁ ጨብጦ «ፎቶዬ ይጠፋብኛል» ብሎ የሚሟገት መንገደኛ አይታጣም። ኤክስሬይ የሚጎዳው ፊልምን ነው፤ ሜሞሪ ካርድን አያጠፋም። ሊጨነቁ ካልቀረ ለትርፍ ባትሪ ነው፦ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት ሻንጣ አይሄድም።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ፎቶ ያበላሸው ምክር «አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ዝጋው፣ ሁሉም ነገር ይጠራል» የሚለው ነው። አፐርቸር፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፣ ሲጠብ ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለው ነገር ፎከስ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ሐሰት አይደለም። ግን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል። ጠባብ በሆነው ኤፍ 16 ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ስታርፍ 21 ማይክሮን ያህል ትሰፋለች። የ61 ሜጋፒክስሉ አንዱ ፒክስል ደግሞ ወርዱ 3.8 ማይክሮን ብቻ ነው። ስለዚህ አንዷ ነጥብ ከአምስት ፒክስል በላይ ላይ ተዘርግታ ትተኛለች ማለት ነው። ገንዘብ የተከፈለበት ዝርዝር እዚያው ይቀልጣል።

ይህን ለማየት ከላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። ከሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት አንዳንዶቹን ከዝናብ ለመከላከል የተተከለው ትልቅ ጣሪያ እዚህ ስለሌለ ብርሃኑ ክፍት ነው፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ሲቆሙም አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት የጣሪያ መስቀሎች ከዓይን ፊት ለፊት ይውላሉ። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጌ፣ ፎከሱን ከመስቀሉ ጠርዝ ላይ አሳርፌ፣ አንዱን በኤፍ 8፣ አንዱን በኤፍ 16 አነሳሁ። ማታ ላፕቶፕ ላይ መቶ በመቶ ሳሰፋቸው በኤፍ 8ቱ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው ብርቱካንማ የድንጋይ ሽበት እያንዳንዱ ክብ ከነጠርዙ ይለያል፤ የመሮ ጭረት የመሰሉ መስመሮችም ይቆጠራሉ። በኤፍ 16ቱ ሽበቱ የተቀባ ቀለም መስሏል። ሁለቱን በኤ4 አሳትሞ ጠረጴዛ ላይ ለሚያስቀምጥ ሰው ግን ልዩነቱ የለም፤ «የትኛው የትኛው ነው?» ቢሉኝ እኔም አልመልስም።

«ማረጋጊያ ስላለው እጅ ቢንቀጠቀጥም ችግር የለም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ማረጋጊያው የሚያርመው የፎቶ አንሺውን እጅ ነው፤ የሚነሳውን ሰው አያቆምም። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ 1/50 ሰከንድ ይበቃል የሚለው የድሮ ሕግ ለ61 ሜጋፒክስል የላላ ነው፤ እኔ 1/125 ካልሆነ አላምነውም። ቤተ ማርያም ውስጥ ይህን ፍጥነት ለማግኘት አይኤስኦውን ከ3200 በላይ ማውጣት ግድ ይላል፤ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ፍላሽ ደግሞ ለሥዕሉም ለጸሎቱም አይገባም። እዚህ ላይ ሌላ ወሬ ይመጣል፦ «ሜጋፒክስሉ የበዛ ካሜራ በጨለማ አይሆንም።» መቶ በመቶ ሲሰፋ ነጠብጣቡ በርግጥ ይበዛል፤ የበዛው ግን ይበልጥ ስለሰፋ ነው። የሴንሰሩ ስፋት እኩል እስከሆነ ድረስ የሚሰበሰበው ብርሃን እኩል ነው፤ ሁለቱን ፎቶ በአንድ መጠን ብናስተያያቸው ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መስቀል ይዘው የተነሱት አረጋዊ ካህን እንኳ ቅሬታቸው ሌላ ነበር። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን አስፍቼ ሳሳያቸው «ምነው ልጄ፣ ሽብሽቤን ሁሉ ቆጠረው እኮ!» አሉኝ።

ሰሜን ተራሮች ላይ የሚሰማው ተስፋ ደግሞ «ረጅም ሌንስ አያስፈልግም፣ ቆርጠህ ታወጣዋለህ» የሚል ነው። እዚህ ቁጥሩ ይሠራል። ከ61ዱ መካከሉን ብቻ ቆርጦ 26 ሜጋፒክስል ማስቀረት ይቻላል፤ ባለ 200 ሚሊሜትሩ ሌንስ ባለ 300 ያህል አቀረበ ማለት ነው። ገደል ላይ ለቆመ ዋልያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለጭላዳ እንኳ አያስፈልግም፤ ጥቂት ሜትር ርቀው ቢቀመጡ ሣሩን እየነጨ በአጠገብዎ ያልፋል። ቆረጣው የማያድነው አየሩን ነው። ከእመት ጎጎ አፋፍ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቆላው ሲያነሱ፣ ከሞቀው መሬት የሚነሳው የሚንቀጠቀጥ አየርና አቧራው በመካከል አለ። ካሜራው የሚያደርገው ያንኑ ጭጋግ በ61 ሜጋፒክስል ጥራት መቅዳት ነው። ገና ጎህ ሲቀድ መነሳት ከማንኛውም ሌንስ ይረክሳል፣ ብርዱን ለቻለው። በዚያ ብርድ ባትሪ «ሞተ» ተብሎ ይጣላል፤ ኪስ ውስጥ አሙቀው ይመልሱት፣ አብዛኛውን ጊዜ ይነሳል።

ስለ ስልክ በአጭሩ። የ200 ሜጋፒክስል ስልክ ነጥቦች ወርዳቸው 0.6 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ እንዲህ ያነሰ ነጥብ ብቻውን በቂ ብርሃን ስለማይይዝ ስልኩ አሥራ ስድስቱን አንድ እያደረገ 12.5 ሜጋፒክስል ፎቶ ያወጣል። ፎቶው ያምራል፤ 200 ግን አይደለም።

ታዲያ ማን ይግዛው? ግድግዳ የሚያህል ፎቶ ለሚያሳትም፣ አውሬ ለሚያነሳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅርስ ለሚመዘግብ ሰው ይሁን እላለሁ። የተሰነጠቀ የግድግዳ ሥዕል ወይም የብራና ገጽ በትራይፖድ፣ በኤፍ 8፣ በፍቃድና ያለ ፍላሽ ሲነሳ ከዓመታት በኋላ ስንጥቁ ምን ያህል እንደሰፋ ለመለካት ያስችላል። ሳይጨመቅ የተቀመጠ አንድ ሮው ፋይል 120 ሜጋባይት ገደማ ነውና 64 ጊጋባይት ካርድ 500 ያህል ፎቶ ይዞ ይሞላል፤ ለመንገድ የተጨመቀውን ሮው መምረጥና ማታ ማታ ወደ ሁለት ዲስክ መገልበጥ ያስፈልጋል። ሦስተኛውን ቅጂ ለደብሩ ይተዉላቸው፤ ያነሱት ሥዕል የእነሱ ነው።